የኦንላይን ኮርስ በነፃ ጀምሮ፣ ሳያቋርጡ ጨርሶ፣ ሰርተፊኬት ይዞ ለመውጣት

በሳምንት ሁለት ሦስቴ አንድ ዓይነት መልእክት ይደርሰኛል። «ኮርስ ጀምሬ መሃል ላይ ገንዘብ ጠየቀኝ።» «ተመዝግቤ ነበር፣ ከዛ ረሳሁት።» «ሰርተፊኬቱን በነፃ እንዴት ነው የምታወጡት?» ለየሰዉ መመለሱ አልሆን ስላለኝ አንዴ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

የማወራው ሙክ ስለሚባሉት ኮርሶች ነው። ዩኒቨርሲቲዎችና ድርጅቶች ለማንም ክፍት አድርገው ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጧቸው፣ ቪዲዮ፣ ፈተናና የቤት ሥራ ያላቸው ትምህርቶች ናቸው። ኮርሶቹን ከሚያቀርቡት ዌብሳይቶች ዋናዎቹ ኮርሴራና ኤድኤክስ ናቸው።

መመዝገብ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆቹ 2012 የመጀመሪያውን ክፍት የኤሌክትሮኒክስ ኮርሱን ሲያስተምር ወደ 155,000 ሰው ተመዝግቦ ነበር፤ ያለፉት 7,000 ግድም ናቸው። በኋላም የሃርቫርድና የኤምአይቲ ኮርሶች ሲጠኑ፣ ከተመዝጋቢው ከግማሽ በላይ ኮርሱን ከፍቶም አያውቅም። በፈረንጆቹ 2017 እና 2018 የጨረሰው ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ካቋረጣችሁ ሰነፎች ስለሆናችሁ አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚያቋርጥበት ነገር ስለሆነ ነው። ከታች ካሉት እርምጃዎች አብዛኞቹ የተጻፉትም ለዚሁ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስማርት ስልክ። ኮዲንግ ወይም ኤክሴል ከሆነ ግን ኮምፒውተር፤ የራሳችሁ ባይሆንም በሳምንት ሁለት ቀን የምታገኙት ይሁን።
- ፓስወርዱን የምታውቁት ኢሜይል። (ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ታዩታላችሁ።)
- ፓስፖርት ወይም የፋይዳ መታወቂያ። ስማችሁ በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈ ለማየት ነው።
- ስልካችሁ ላይ 2 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ።
- ደብተርና እስክሪብቶ።
- በሳምንት ሦስት ሰዓት። ከሌላችሁ አሁን አትጀምሩ።

የባንክ ካርድ አላካተትኩም። የብር ካርድ እነዚህ ዌብሳይቶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ መመሪያው ያለ ካርድ የሚሄድ ነው።

1. አንድ ኮርስ ምረጡ። አንድ።

መጀመሪያ ወደ ኮርሱ ሳይሆን ወደ ሥራ ማስታወቂያ ሂዱ። ልትቀጠሩበት የምትፈልጉትን የሥራ መደብ አምስት ማስታወቂያ ሰብስቡና የሚደጋገመውን ችሎታ ጻፉ። ኤክሴል ነው? ፒችትሪ (የሒሳብ አያያዝ ሶፍትዌር) ነው? የእንግሊዝኛ ሪፖርት መጻፍ ነው? ኮርሱን በዚያ ቃል ፈልጉ። «አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ» የሚለው ርዕስ ስላማረ ብቻ የሚመዘገብ ሰው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሒሳቡ ሲመጣ ይጠፋል።

ከመመዝገባችሁ በፊት የኮርሱን ዝርዝር እስከ ታች ወርዳችሁ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ርዝመቱን። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከ20 ሰዓት የማይበልጥ ይሁን። 20 ሰዓት ያለው ኮርስ ለእኛ 30 ይሆናል፣ ምክንያቱም እንግሊዝኛውን ቆም እያልን ነው የምንሰማው። ሁለተኛ፣ የሁለተኛውን ሳምንት ርዕሶች። ከቃላቱ ግማሹ እንግዳ ከሆኑባችሁ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን ፈልጉ።

ኮርሴራ ላይ «ስፔሻላይዜሽን» የሚል ካያችሁ አንድ ኮርስ እንዳይመስላችሁ። የብዙ ኮርሶች ጥቅል ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ለይታችሁ ግቡ።

2. «ነፃ» ሲሉ የትኛውን ነፃ እንደሆነ አጣሩ

ብዙ ሰው የሚበሳጨው እዚህ ላይ ነው። ነፃ የሚባለው ሦስት ዓይነት ነው።

ትምህርቱም ሰርተፊኬቱም ነፃ የሆነ አለ። ፍሪኮድካምፕ (የዌብ ሥራና ፕሮግራሚንግ)፣ ካግል (ዳታ፣ አጫጭር ኮርሶች) እና የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ኦፕንለርን ላይ የሚያስቀምጣቸው ኮርሶች እዚህ ውስጥ ናቸው። ኦፕንለርን የሚሰጠው የተሳትፎ ማረጋገጫ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ መርሐ ግብርም ለአገር ውስጥ ሰው በነፃ ያስተምራል፤ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ አፕ፣ ዳታ ሳይንስና አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ አለው።

ትምህርቱ ነፃ ሆኖ ሰርተፊኬት የሌለው አለ። ካን አካዳሚ እና የኤምአይቲ ኦፕንኮርስዌር እንደዚህ ናቸው። ሒሳብ ከድሮም ያስቸገራችሁ ከሆነ ሌላ ኮርስ ከመጀመራችሁ በፊት ካን አካዳሚ ላይ አንድ ወር ብትቆዩ ኪሳራ የለውም።

ሦስተኛው ማየት ነፃ፣ ሰርተፊኬት በክፍያ የሆነው ነው። ኤድኤክስና ኮርሴራ በአብዛኛው እዚህ ናቸው። በነፃው መንገድ ስትገቡ ፈተናው ሊቆለፍ፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ቪዲዮውም ሊዘጋ ይችላል። አንዳንዱ ኮርስ የሚያሳየው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። «ገንዘብ ጠየቀኝ» የሚለው መልእክት ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ለየት ያለ ነገር ልንገራችሁ። የሃርቫርድ ሲኤስ50 የሚባለው የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኤድኤክስ ላይ ሰርተፊኬቱን በክፍያ ነው የሚሰጠው። ግን የኮርሱ ባለቤቶች በራሳቸው ገጽ የቤት ሥራውንና የመጨረሻ ፕሮጀክቱን ሠርቶ 70 ከመቶ ላመጣ የራሳቸውን ሰርተፊኬት በነፃ ይሰጣሉ። ይህን ሳያውቅ ለመክፈል ሲሯሯጥ ያየሁት ሰው ብዙ ነው። ኮርሱ ግን ከባድ ነው፤ ለጀማሪ ተብሎ ቢሠራም አራተኛው ሳምንት ላይ ያስለቅሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ «የ7 ቀን ነፃ ሙከራ» የሚለውን ካርድ የሌላችሁ እለፉት። ካርድ ያላችሁ (ውጭ ያላችሁት በተለይ) ከጀመራችሁ ለማብቂያው ቀን ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ፤ ካልሰረዛችሁት በስምንተኛው ቀን ራሱ ገንዘቡን ይቆርጣል።

3. አካውንቱን በትክክለኛ ኢሜይልና በትክክለኛ ስም ክፈቱ

አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን ጂሜይላችንን የከፈተልን ስልኩን የሸጠልን ልጅ ነው። ፓስወርዱንም የሚያውቀው እሱ ነው። ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲም ካርድ ሲቀየር ኢሜይሉ አብሮ ይሄዳል፣ ሰርተፊኬቱም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ አዲስ ኢሜይል ራሳችሁ ክፈቱ፣ ፓስወርዱን ደብተር ላይ ጻፉ፣ አሁን እጃችሁ ላይ ያለውን ስልክ ቁጥር መመለሻ አድርጉ።

ቀጥሎ ስም። ሰርተፊኬቱ ላይ የሚታተመው የምታስገቡት ስም ነው። ፓስፖርታችሁ ወይም ፋይዳችሁ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ቅዱ። ፀሐይ፣ ጌጤነሽ፣ ኃይለሚካኤል ዓይነት ስሞች በላቲን ሲጻፉ አምስት ዓይነት ስለሚሆኑ «ያው ነው» አይሠራም። «የመጀመሪያ ስም» የሚለው ላይ የራሳችሁን፣ «የመጨረሻ ስም» የሚለው ላይ የአባታችሁን፣ መታወቂያው የአያትን ስም ከያዘ እሱንም ጨምሩ።

እኔ የመጀመሪያውን ሰርተፊኬቴን ያወጣሁት ቤት በምጠራበት ስም ነው። ያኔ የመሰለኝ የፌስቡክ አካውንት ነው። በኋላ ከስኮላርሺፕ ማመልከቻ ጋር አያይዤ ስልከው ከፓስፖርቴ ጋር አልገጠመም፤ ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ኢሜይል ተጻጻፍኩ።

የትውልድ ቀን ከጠየቀም በፈረንጆቹ ነው። 1992 ዓ.ም. ብላችሁ 1992 ካስገባችሁ በሰባት በስምንት ዓመት ታረጃላችሁ።

4. ኮርሱ የሚያስከፍል ከሆነ የክፍያ ድጋፍ ጠይቁ

ኮርሴራ መክፈል ለማይችል ሰው የድጋፍ ማመልከቻ አለው። ለአንዳንዱ ዋጋው ሙሉ በሙሉ ይነሳል፣ ለአንዳንዱ በከፊል። ኤድኤክስም የራሱ የድጋፍ ቅጽ አለው። አካሄዱ ይቀራረባል፣ እዚህ የኮርሴራን ልውሰድ።

ሀ. አፑን ትታችሁ በብራውዘር ግቡ። የኮርሱን ገጽ ክፈቱ፣ ከመመዝገቢያው ቁልፍ አጠገብ ወይም ሥር ስለ ድጋፍ የሚገልጽ ትንሽ ጽሑፍ አለ። ትንሽ ስለሆነ ነው ብዙ ሰው የማያየው። እዚያ ላይ ከሌለ ያ ኮርስ ድጋፍ የለውም ማለት ነው፤ ሌላ ምረጡ።

ለ. ዓመታዊ ገቢያችሁን በዶላር ይጠይቃችኋል። የወር ደመወዝ በ12 ይባዛል፣ ከዚያ በዕለቱ ምንዛሪ ይካፈላል። 12,000 ብር የሚያገኝ ሰው 144,000 ብር አለው፤ ያንን ነው የሚያካፍለው። የወሩን ብር ቀጥታ «12,000» ብሎ የጻፈ ልጅ አውቃለሁ። በዓመት 12,000 ዶላር አገኛለሁ ብሎ ሞልቶ «ለምን ከለከሉኝ?» ይለኛል። ተማሪ ከሆናችሁና ገቢ ከሌላችሁ ዜሮ ጻፉ፣ ምንም ነውር የለውም።

ሐ. ለምን ድጋፍ እንደሚያስፈልጋችሁና ኮርሱ ለምን እንደሚጠቅማችሁ የምትጽፉበት ቦታ አለ። በእንግሊዝኛ ነው። ዝቅተኛ ርዝመት ካለው ሳጥኑ ሥር ይጽፈዋል፤ ከዚያ አታሳጥሩ።

ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ወይ ይለምናል ወይ ያጋንናል። «ድሃ ነኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እባካችሁ» ለሚያነበው ሰው ምንም አይነግረውም። ቁጥርና ሥራ ጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ሐሳብ፦ «በአንድ የግል ድርጅት ረዳት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የወር ደመወዜ 12,000 ብር ነው። 5,000 ለቤት ኪራይ፣ 2,000 ለትራንስፖርት ይወጣል፣ የቀረው ለምግብና ለታናሽ እህቴ ትምህርት ነው። የባንክ ካርዴ በብር ብቻ ስለሚሠራ በዶላር መክፈል አልችልም። ኮርሱ የሚያስተምረውን ፒቮት ቴብል (የኤክሴል ማጠቃለያ ሰንጠረዥ) የወር ሪፖርት ላይ በእጄ እየሠራሁት ነው፤ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ትበልጣለች፤ የኮርሱን ዝርዝር እንዳነበባችሁ ታሳያለች።

መ. መልሱ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። እስከዚያ የሚታየውን የነፃ ክፍል እያያችሁ ጠብቁ። ከተፈቀደ በኋላ ኮርሱን ለመጨረስ 180 ቀን አላችሁ፤ የተፈቀደበትን ቀን ጻፉት። ስፔሻላይዜሽን ከሆነ ለእያንዳንዱ ኮርስ ለብቻ ነው የምታመለክቱት።

ማስጠንቀቂያ፦ ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን «የተፈቀደ ማመልከቻ» አትቅዱ። አንድ ጽሑፍ ስንት ሰው እንደላከው አታውቁም፣ ቅጂ መሆኑ ከታወቀ ይጣላል። በ500 ብር እንሞላለን የሚሏችሁንም ተዉአቸው፤ ቅጹ ራሱ ነፃ ነው።

5. ዳታውን አስቀድማችሁ አስሉ

የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በ360 ጥራት በግምት 300 ሜጋባይት ነው። በ720 ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስድስት ሰዓት ቪዲዮ ያለው ኮርስ በዝቅተኛው ጥራት ሁለት ጊጋ ገደማ ይበላል ማለት ነው። መምህሩ ካሜራ ፊት ቆሞ ለሚያወራው ወሬ 720 አያስፈልግም።

የኮርሴራም የኤድኤክስም አፕ ቪዲዮ ያወርዳል። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ «በዋይፋይ ብቻ አውርድ» የሚለውን አብሩ፣ ጥራቱን ዝቅ አድርጉ። ከዚያ የሳምንቱን ሁሉ በአንዴ አውርዱ፤ ቢሮ፣ ካምፓስ፣ ወይም የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ። ሳምንቱን ማውረድ ለምን? ረቡዕ ማታ ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም መብራት ሲሄድ «በቃ ነገ» እንዳትሉ ነው። ነገ ሁለት ጊዜ ከተባለ ኮርሱ አለቀለት።

የቪዲዮው ጽሑፍ (መምህሩ የሚናገረው በጽሑፍ) ደግሞ ለብቻው ይወርዳል። ዳታው ምንም አይሞላም። ጥቅል ባለቀ ቀን እሱን አንብቡ።

6. ሰዓቱን ወደ እኛ ቀይሩ

የማስረከቢያ ቀኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ ሰዓቱም ብዙ ጊዜ ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። እኛ ከዚያ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ 23፡59 ዩቲሲ ማለት በእኛ ከሌሊቱ 8፡59 ነው። ፕሮፋይላችሁ ላይ የሰዓት ክልል የሚል ካለ አዲስ አበባን ምረጡ፣ ከሌለ ናይሮቢ ያው ነው። ያኔ «11፡59 ፒኤም» የሚላችሁ ከምሽቱ 5፡59 ይሆናል።

«12፡00 ኤኤም ሜይ 5» ካያችሁ ተጠንቀቁ። ሜይ 4 ማታ አልቆ ሜይ 5 ሲገባ፣ ማለትም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ሜይ 5 ቀን ሙሉ ጊዜ ያላችሁ አይምሰላችሁ።

7. ሳምንቱን ከኋላ ጀምሩ

ቅደም ተከተሉ ቪዲዮ፣ ንባብ፣ ፈተና ነው የሚለው። እኔ የምመክረው ሌላ ነው።

መጀመሪያ የሳምንቱን ፈተና ወይም የቤት ሥራ ክፈቱና አንብቡ፤ የሙከራ ብዛት የተገደበ ከሆነ ግን ሳትልኩ ዝጉት። ጥያቄዎቹን ደብተር ላይ ጻፉ። ከዚያ የቪዲዮውን ጽሑፍ አንብቡ፣ ያልገባችሁን ቃል አስምሩ። ከዚያ ነው ቪዲዮው፣ በ0.75 ፍጥነት። ለምን እንዲህ? ምን እንደምትፈልጉ ሳታውቁ የምታዩት ቪዲዮ እንደ ድራማ ያልፋል። አይታችሁት «ገባኝ» ትላላችሁ፣ ፈተናው ላይ ባዶ ትሆናላችሁ።

ሦስቱን ሰዓት ለሦስት ቀን ከፍሉት። እሑድ አንድ ቀን ላይ ከከመራችሁት አንድ ሰርግ ወይም አንድ ለቅሶ ሳምንቱን ይበላዋል። ቤይሩትና ዱባይ ሆናችሁ የምትጽፉልኝ ደግሞ፣ እናንተ ኔትወርክ አላችሁ፣ ጊዜ ነው የሌላችሁ። ከሥራ በኋላ 25 ደቂቃ ብቻ ያዙ፣ አንድ ቪዲዮና ሁለት ጥያቄ። 180 ቀን ለእሱም ይበቃል።

ኮዲንግ ከሆነ የምታዩትን ሁሉ በእጃችሁ ጻፉ። ኮፒ አታድርጉ። ኮምፒውተር ተውሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ብራውዘር ላይ የሚሠራ መጻፊያ ተጠቀሙ፤ ሥራችሁ ኢንተርኔት ላይ ስለሚቀመጥ ነገ በሌላ ኮምፒውተር ትቀጥላላችሁ። ሲኤስ50 የራሱ አለው።

8. አንድ ሰው አብሯችሁ ይመዝገብ

አሥር ሰው ያለው ግሩፕ አላልኩም። የቴሌግራም ግሩፕ በሁለተኛው ሳምንት የመልካም ምሽት ሥዕል መለዋወጫ ነው የሚሆነው። አንድ ሰው፣ ያንኑ ኮርስ፣ በሳምንት አንድ ቀን ስልክ። ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፦ «የዚህን ሳምንት የቤት ሥራ ላክህ?» ወይም «ላክሽ?»

ተማሪ ለተማሪ የሚያርምበት የቤት ሥራ ካለ፣ የራሳችሁን ከላካችሁ በኋላ የሌሎቹንም ማረም አለባችሁ። ያንን ሳታደርጉ ውጤት አይመጣም። «ከላክሁ አሥር ቀን ሆነኝ፣ አልታረመም» የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው።

9. ሰርተፊኬቱን አውጡ፣ አስቀምጡ፣ በትክክለኛው ቦታ ጻፉ

ፒዲኤፉን አውርዳችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩት። የማረጋገጫ ሊንኩን ለብቻ ቅዱ፤ ቀጣሪ የሚያምነው ሊንኩን ነው፣ ፒዲኤፍ ማንም ፎቶሾፕ ላይ ይሠራል። ሲቪያችሁ ላይ «ሥልጠና» በሚለው ሥር አስገቡት። «የትምህርት ደረጃ» ሥር «ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ» ብላችሁ አትጻፉ። ዲግሪ አይደለም፣ ኢንተርቪው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚያጋልጣችሁ። ከሥሩ በኮርሱ የሠራችሁትን አንድ ነገር በአንድ መስመር ጨምሩ፤ የሠራችሁትን ፋይልም ይዛችሁ ግቡ።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

ስድስት ኮርስ በአንድ ማታ መመዝገብ። አንደኛ ነው። ስድስቱም ማስታወሻ ኢሜይል ሲልኩ ሁሉንም ማንበብ ትተዋላችሁ።

የፈተና መልስ ከኢንተርኔት ወይም ከቻትጂፒቲ ገልብጦ መላክ። አካውንት ያዘጋል። ያልገባችሁን እንዲያብራራላችሁ ጠይቁት፣ መልሱን ግን ራሳችሁ ጻፉ።

ለሰርተፊኬት ሻጭ ገንዘብ መላክ። የሚልኩላችሁ ሥዕል ነው። ሊንኩን ስትከፍቱ የሌላ ሰው ስም ይወጣል፣ ወይም ምንም።

አንድ ሳምንት ስላለፋችሁ መተው። በራሳችሁ ፍጥነት በምትሄዱባቸው ኮርሶች ላይ የየሳምንቱ ቀን ምክር እንጂ ቅጣት አይደለም። ኮርሴራ ላይ ቀኖቹን ወደፊት የሚያሸጋግር ቁልፍ አለ፤ አንዴ ትነኩታላችሁ፣ የሠራችሁት ሁሉ እንዳለ ይቆያል።